የሳንቃ ጠረጴዛ ንግድና የእንጨት ማድረቅ ጉዳይ

ከአንድ ግንድ በወፍራሙ የተጋዘና ዳር ዳሩ እንደ ተፈጥሮው ጎርበጥ እንዳለ የተተወ የሳንቃ ጠረጴዛ በሆቴልም በመኖሪያ ቤትም የሚወደድ ዕቃ ነው። ሥራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ መጋዝ፥ መላጊያ፥ መሮና የብርጭቆ ወረቀት ያለው ሰው በግቢው ውስጥ ሊሠራው ይችላል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማም እንዲህ ያለው ሙያ ለአገራችን እንግዳ አለመኾኑን ይመሰክራል። ኾኖም ይህን ዕቃ ገዝቶ የሚሸጠውን ነጋዴ የሚያከስረው፥ ከአናጢው እጅ ጉድለት ይልቅ፥ በእንጨቱ ውስጥ የቀረው ውሃ ነው።

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ብዙ ውሃ ይይዛል። ውሃው የደረቁን እንጨት ክብደት 30 ከመቶ ያህል እስኪኾን ድረስ ቢቀንስም የእንጨቱ መጠን እምብዛም አይለወጥም፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ግን መኮማተር ይጀምራል። በግንዱ ዙሪያ ያለው መኮማተር ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ካለው በግምት እጥፍ ስለ ኾነ፥ ሳንቃው ይጣመማል፥ ይሰነጠቃልም። ቫርኒሽ ይህን አያድነውም፤ ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ።

ስለ ማድረቂያው ጊዜ የቆየው የአናጢዎች ግምት ለየ2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው፤ እንደ እንጨቱ ዐይነትና እንደ አየሩ ጠባይ ያጥራል ወይም ይረዝማል። ሳንቃዎቹ ከመሬት ከፍ ብለው፥ በጥላ ሥር፥ በመካከላቸው ቀጫጭን ደረቅ እንጨቶች ገብተው ይደረደራሉ፤ እንዳይጣመሙም ከላይ ከባድ ነገር ይጫንባቸዋል። ውሃ በጫፍ በኩል እጅግ ፈጥኖ ስለሚወጣ ጫፎቹን እንደ ተጋዙ ወዲያው ቀለም ወይም ሰም መቀባት ያስፈልጋል።

እንግዲህ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ ሁለት ዓመት ያህል ገንዘብ አስሮ ይቀመጣል ማለት ነው። እርጥቡ እንጨት «ደረቅ ነው» እየተባለ ለገበያ የሚወጣውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ነጋዴ ሚዛን አለው። ከጭነቱ አንዱን ሳንቃ መርጦ፥ ከጫፉ ራቅ ካለ ቦታ ቁራጭ አስወጥቶ ወዲያው ይመዝን፤ ቀጥሎም ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት በሚበልጥ የምድጃ ሙቀት ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቀው። 600 ግራም የነበረው 500 ግራም ቢኾን፥ የጠፋው 100 ግራም የደረቁ 20 ከመቶ ነው፤ ይህ ለቤት ዕቃ ገና ነው። 560 ግራም ኖሮ 500 ቢኾን 12 ከመቶ ነውና ለአዲስ አበባ ቤት ይስማማል። በብርድ ወራት ቤታቸውን በማሞቂያ ለሚያሞቁ አገሮች የሚላከው ግን ወደ 8 ከመቶ መውረድ ይገባዋል። ሻጩ ቁራጭ ማስወጣትን የከለከለ እንደ ኾነ፥ መልሱ ያለ ሚዛን ተገኝቷል።

በሚገባ የደረቀ ሳንቃም ቢኾን ከወቅቱ ጋር በመጠኑ ይሰፋል፥ ይጠባልም። ስለዚህ እግሩን በኮላ ከማጣበቅ ይልቅ በሞላላ ቀዳዳ በብሎን ማሰር ይሻላል፤ ትንሽ ስንጥቅም በቢራቢሮ ቅርጽ በተቆረጠ ጠንካራ እንጨት ሊታሰር ይችላል፥ ለዕቃውም ጌጥ ይኾነዋል።

እንጨቱ ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳ ወረቀት መጠየቅም የነጋዴው ፋንታ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፥ ኮሶ፥ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ እርሱም በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 542፥ ይህም በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1065 ተተክቷል። ወደ ውጭ አገር የሚልክ ሰው ደግሞ ስለ ማሸጊያው ሣጥን ያስብ። በዓለም አቀፉ የዕፀዋት ጥበቃ ደንብ መሠረት በሙቀት የሚታከም የማሸጊያ እንጨት እስከ ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ሙቀት ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቆይቶ ምልክት ሊደረግበት ይገባል፤ ምልክት የሌለው ሣጥን፥ በውስጡ ያለው ጠረጴዛ ምንም ያህል ቢያምር፥ ከወደብ ሊመለስ ይችላል።