ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ላይ የሚቆመው መስመር፦ የፋይል ዝውውርን ሂደት በትክክል ስለ ማሳየት



ፋይል ሲገለበጥ ወይም ሲላክ በስክሪኑ ላይ ቀስ በቀስ የሚሞላውን መስመር፣ በተለምዶ ፕሮግረስ ባር የምንለውን፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ተጠቃሚው መጠበቁን፣ ማቋረጡን ወይም ፍላሹን መንቀሉን የሚወስነው እርሱን አይቶ ነው። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ወደ ፍላሽ ገልብጣ፣ «መቶ በመቶ» የሚለውን አምና ፍላሹን ብትነቅል፣ ፋይሉም ጎዶሎ ሆኖ ቢገኝ፣ ተጠያቂው ያንን ቁጥር ያሳየው ፕሮግራም ነው። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ቁጥሩ እውነት የሚሆነው መቼ ነው?

በመጀመሪያ ምን እንደምንቆጥር እንወስን። አንድ ፎልደር 4,000 ሜጋባይት የሚመዝን አንድ ቪዲዮና በድምሩ 40 ሜጋባይት የሚመዝኑ 4,000 ትንንሽ ፋይሎች ይዟል እንበል። ቪዲዮው ተገልብጦ ሲያልቅ፣ ፋይል የሚቆጥር ፕሮግራም ከአንድ በመቶ በታች ያሳያል፤ ባይት የሚቆጥር ደግሞ 99 በመቶ። ሁለቱም ተሳስተዋል። እያንዳንዱን ፋይል መክፈት፣ መመዝገብና መዝጋት የራሱ ጊዜ ይወስዳልና። ፍጥነቱ በሴኮንድ 40 ሜጋባይት፣ የአንድ ፋይል ተጨማሪ ወጪ 0.05 ሴኮንድ ቢሆን፣ ቪዲዮው 100 ሴኮንድ ያህል፣ ትንንሾቹ ግን 201 ሴኮንድ ይፈጃሉ። እውነተኛው ሂደት 33 በመቶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የባይቱንም የፋይሉንም ብዛት አስቀድሞ ቆጥሮ፣ ሁለቱን ወጪዎች ደምሮ ማስላት ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቀሪ ጊዜ ነው። የኔትወርክ ፍጥነት በየቅጽበቱ ይዋዥቃል። የመጨረሻውን ሴኮንድ ብቻ ይዘን ብናሰላ፣ ግምቱ ከሁለት ደቂቃ ወደ ሦስት ሰዓት ይዘላል። መፍትሔው የሚለሰልስ አማካይ ነው፤ የቀድሞውን ግምት በ0.9፣ አዲሱን ልኬት በ0.1 አባዝተን እንደምራለን። ግምቱ በሴኮንድ 2 ሜጋባይት ሆኖ ሳለ መስመሩ ለአፍታ ቢቋረጥ፣ አዲሱ ግምት 1.8 ይሆናል። 900 ሜጋባይት ቢቀር፣ ቀሪው ጊዜ ከ450 ወደ 500 ሴኮንድ ብቻ ይለወጣል። መቋረጡ ከቀጠለ ግን ግምቱ እየወረደ እውነቱን ይናገራል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም አደገኛው፣ «ተጽፏል» የሚለው ቃል ትርጉም ነው። ፕሮግራማችን መረጃውን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲያስረክብ፣ ሲስተሙ ብዙውን ጊዜ ራም ላይ አቆይቶ ቀስ ብሎ ወደ ዲስክ ይጽፈዋል። በሴኮንድ 10 ሜጋባይት ብቻ ወደሚጽፍ ፍላሽ 1,000 ሜጋባይት ስንልክ፣ መስመሩ በጥቂት ሴኮንዶች ሊሞላ ይችላል፤ ጽሕፈቱ ግን 100 ሴኮንድ ይፈልጋል። በኔትወርክም እንዲሁ ነው፤ ለመላኪያው ቋት የተሰጠ ባይት ሰርቨሩ ዘንድ ደርሷል ማለት አይደለም። ስለዚህ በዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ኤፍሲንክ የተባለውን ጥሪ በየመሐሉ መጠቀም፣ በኔትወርክ ደግሞ የሰርቨሩን ማረጋገጫ መጠበቅ ያስፈልጋል። መቶ በመቶ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠቅላላው መጠን የማይታወቅበትም ጊዜ አለ። በኤችቲቲፒ አንድ ሰርቨር የፋይሉን ርዝመት ሳይገልጽ በቁርጥራጭ ሊልክ ይችላል። ያን ጊዜ በመቶኛ መናገር ፈጠራ ነው፤ «እስካሁን 12 ሜጋባይት ደርሷል» ማለት ግን እውነት ነው።

ብራድ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት ተጠቃሚዎች የሂደት አመልካች ያለበትን ፕሮግራም እንደሚመርጡ አሳይቷል። ክሪስ ሃሪሰንና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ላይ የሚያጋጥም መቆም ጥበቃውን ይበልጥ የረዘመ እንደሚያስመስለው አመልክተዋል። ከዚህ ተነሥቶ መስመሩን እንደ ልብ ማስሮጥ የሚፈቀድ የሚመስላቸው አሉ። እኔ አልስማማም። ጥበቃን ማቅለል መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰው ፍላሽ የሚነቅለው፣ ኮምፒውተር የሚያጠፋው በዚያ ቁጥር ተማምኖ ነው። እርግጠኛ ባልሆንን ጊዜ «በመጻፍ ላይ ነው፤ እባክዎ አይንቀሉ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከተዋበ ሐሰተኛ መስመር ይበልጣል።