የእርግዝናና የምጥ ሕመምን ያለ መድኃኒት ማቅለል

ምጥ የያዛትን ሴት ብቻዋን አለመተው፣ ወገቧን ማሸት፣ እንድትራመድና ሰውነቷ በወደደው አኳኋን እንድትሆን መፍቀድ ገንዘብ አይጠይቅም። ሕመሙን ግን ያቀልላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ እነዚህን ዘዴዎች ለጤነኛ ወላጆች ሁሉ መክሯል። በመመሪያው ከተጠቀሱት የማደንዘዣ መድኃኒቶች አብዛኞቹ በገጠር ጤና ጣቢያዎች አይገኙም፤ ማሸትና አብሮ መቆየት ግን እጅና ሰው ባለበት ሁሉ ይገኛሉ።

ጉዳዩ ምቾት ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት 26 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። በ2019 ቁጥሩ ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ያም ሆኖ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እናቶች ቤታቸው ወልደዋል ማለት ነው። የመንገዱ ርቀትና የመጓጓዣ እጦት ዋና ምክንያቶች ናቸው። ነገር ግን ብዙ እናቶችን ከጤና ጣቢያ የሚያስቀራቸው ሌላም ፍርሃት አለ፤ ከእናት ከእኅት ተለይቶ በማያውቁት ክፍል፣ በማያውቁት ሰው ፊት፣ በጀርባ ተንጋሎ ማማጥ። ስለዚህ ሕመምን በሰው ፊትና በሰው እጅ ማቅለል እናቲቱን ደም ቢፈሳት ሊያድናት ወደሚችል ቦታ የሚያመጣት ጉዳይ ነው።

በእርግዝና ወራት ቀድሞ የሚመጣው የወገብና የዳሌ ሕመም ነው። ሆድ ወደ ፊት ሲገፋ ወገብ ወደ ኋላ ይለመጣል፤ በእርግዝና ጊዜ የሚበዙ ቅመሞች ደግሞ የዳሌ አጥንትን የሚያያይዙትን ጅማቶች ያላላሉ። በዚህ ላይ 20 ሊትር ውኃ በጀርባ መሸከም፣ ጎንበስ ብሎ ሲያርሙ መዋልና ምጣድ ሥር ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ሲጨመር ሕመሙ ይብሳል። እዚህ ላይ ፍቱኑ መድኃኒት የቤተሰቡ የሥራ ክፍፍል ነው፤ ውኃውን ሌላ ሰው ይቅዳ። የሚቀዳ ሌላ ሰው ከሌለ ጄሪካኑን ከግማሽ በታች መሙላት፣ ሲያነሡም ወገብን ሳይሆን ጉልበትን አጥፎ ዕቃውን ወደ ሰውነት አስጠግቶ መነሣት ይረዳል። በጎን ተኝቶ በጉልበቶች መካከል የታጠፈ ጋቢ ማድረግ ዳሌን ያሳርፋል። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ጀርባን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ማጉበጥና መልሶ ማቅናት፣ በየቀኑም ጥቂት መራመድ ጡንቻን ያጠነክራል። እርግዝናው ከገፋ በኋላ በጀርባ መተኛት ግን አይመከርም። የሕፃኑ ክብደት ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ስለሚጫን እናቲቱን ሊያዞራት ይችላል።

ሌሊት ባት ሲጨብጥ እግርን ዘርግቶ የእግር ጣቶችን ወደ ጉልበት መሳብ ወዲያው ያላቅቃል። ለቃር ደግሞ ምግብን በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ መብላትና በልቶ ወዲያው አለመተኛት ይበጃል።

ከመድኃኒት ቤት በግምት የሚገዛ ማስታገሻ ግን ሌላ ነገር ነው። ለወገብ ተብለው በብዛት የሚገዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከእርግዝናው አምስተኛ ወር በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የእንሽርት ውኃውን ሊያሳንሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰድ የለባቸውም።

ወደ ምጥ ሲመጣ ሕመሙ የሚመነጨው ማሕፀን እየተኮማተረ በሩን ሲከፍት ነው። ምጡ ሲበረታ አንዱ ቁርጠት አንድ ደቂቃ ያህል ይቆይና ይለቅቃል፤ ከዚያ ዕረፍት አለ። ይህን ዕረፍት አስቀድማ የምታውቅ ሴት ሕመሙን እንደማያባራ ጎርፍ አትቆጥረውም። የፈራችና ብቻዋን የሆነች ሴት ሰውነት ግን አድሬናሊን የተባለውን የድንጋጤ ቅመም ያመነጫል፤ ይህም ማሕፀንን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ሊያዳክምና ምጡን ሊያጓትት ይችላል። ስለዚህ ማረጋጋት የደግነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ሰውነት ሥራውን እንዲሠራ መንገድ መክፈት ነው።

ማሸት ለምን እንደሚያስታግስ የሚያስረዳው አሳብ ደግሞ እ.ኤ.አ በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ያቀረቡት ነው። በእነርሱ ማብራሪያ መሠረት በአከርካሪ ውስጥ እንደ በር የሚሠራ ክፍል አለ። የመዳሰስና የመጫን ስሜት በዚያ በር ሲያልፍ የሕመሙ መልእክት ወደ አንጎል እንዳይሄድ ያጠብበዋል። ሰው እግሩን እንቅፋት ሲመታው ቦታውን በእጁ የሚያሸው ይህን ሳያውቅ አውቆት ነው።

ከሁሉ ይልቅ በጥናት የተደገፈው የሰው አብሮ መቆየት ነው። በ17 አገሮች ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አሰባስቦ እ.ኤ.አ በ2017 የታተመ ግምገማ፣ ከምጥ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰው ያልተለያቸው ሴቶች ማስታገሻ የመፈለጋቸውም በቀዶ ጥገና የመውለዳቸውም ዕድል እንደሚቀንስ፣ ምጣቸውም እንደሚያጥር አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ወላዷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲቆይ ይመክራል። እናት፣ እኅት፣ ጎረቤት ወይም ባል ሊሆን ይችላል፤ መራጯ ግን ራሷ ናት። ነፍሰ ጡሯና ቤተሰቧ በክትትል ጊዜ “ማን ከእኔ ጋር ይገባል?” ብለው አዋላጇን አስቀድመው ቢጠይቁ በምጡ ቀን በር ላይ ከመከራከር ይድናሉ።

አብራ የምትገባው ሴት ዝም ብላ መቀመጥ የለባትም። ቁርጠቱ ሲጀምር ከወገብ በታች፣ ከመቀመጫ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት በመዳፏ ሥር አጥብቃ ትጫን፤ ቁርጠቱ እስኪለቅ እጇን አታንሣ። ሕመሙ ወደ ወገብ የሚሄድባቸው ሴቶች በዚህ በእጅጉ ይቀልላቸዋል። በለብታ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ጨርቅ እዚያው ላይ ማድረግም ይቻላል፤ ሙቀቱን አስቀድማ በራሷ ክንድ ትለካው። በዕረፍቱ ጊዜ ትከሻን ማሸት፣ ግንባርን መጥረግ፣ ውኃ ወይም አጥሚት ማጎንጨት ተራዋ ነው። ችግር የሌለባት ወላድ በምጥ ላይ መብላትና መጠጣት አይከለከልም። ሽንቷንም በየጊዜው እንድትሸና ማስታወስ ያሻል፤ የሞላ ፊኛ ሕመሙን ያብሰዋል።

የሀገራችን እናቶች በቤት ሲወልዱ መንበርከካቸው ወይም ገመድ ይዘው መንጠልጠላቸው እንደ ኋላ ቀርነት ሊታይ አይገባም። ከ5 ሺህ በላይ ሴቶች የተካተቱባቸው ጥናቶች ተሰባስበው ሲገመገሙ፣ በምጥ መጀመሪያ ክፍል የቆሙ፣ የተቀመጡና የተራመዱ ሴቶች ከተኙት ይልቅ በአማካይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድመው ወደ መውለጃው ደረጃ ደርሰዋል። መራመድ፣ ግድግዳ ተደግፎ ዳሌን ማወዛወዝ፣ በእጅና በጉልበት መንበርከክ፣ ወንበርን ወደ ኋላ አዙሮ መደገፊያውን አቅፎ መቀመጥ ሁሉ ይቻላል።

አተነፋፈስም እንዲሁ ቀላል መሣሪያ ነው። ቁርጠቱ ሲመጣ በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ በአፍ ደግሞ ከገባው አስረዝሞ ማስወጣት። በፍጥነት የምትተነፍስ ሴት ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፤ ያን ጊዜ አስታማሚዋ አብራት በዝግታ ብትተነፍስ ትከተላታለች። ጸሎትና ዜማም ትንፋሽን በልክ ስለሚያስኬዱ ይጠቅማሉ። “ግፊ፣ ግፊ!” የሚለው የዘመድ ጩኸት ግን መልካም አሳብ ቢኖረውም የማሕፀን በር ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ከሆነ ያደክማታል እንጂ አይጠቅማትም። “ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች” የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ መቼ እንደሚገፋ የሚነግራት የራሷ ሰውነትና አዋላጇ ናቸው።

እጅ ሁሉ ግን አይጠቅምም። ልጁ ቶሎ እንዲወርድ ብሎ ሆድን ከላይ ወደ ታች መጫን ማሕፀንን ሊቀድ ይችላል። ምጥ ያፋጥናል ተብሎ የሚጠጣ ሥራ ሥርና ቅጠል መጠኑ የማይታወቅ በመሆኑ፣ ከጤና ተቋም ውጭ የሚሰጥ የምጥ ማፋጠኛ መርፌም እንዲሁ፣ ማሕፀን ያለ ዕረፍት እንዲኮማተርና ሕፃኑ አየር እንዲያጥረው ሊያደርግ ይችላል።

በእነዚህ ዘዴዎች ማስታገሥ የማይገባው ሕመምም አለ። ብርቱ ራስ ምታት ከዐይን ብዥታ ወይም ከፊት እብጠት ጋር፣ ከሆድ በላይኛው ክፍል የሚነሣ ከባድ ሕመም፣ የማይለቅና ሆድን እንደ ድንጋይ የሚያጠነክር ቁርጠት፣ ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ የእንሽርት ውኃ ከጊዜው በፊት መፍሰስ፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ ቡና ማፍላትም ማሸትም ጊዜ ማባከን ነው፤ በፍጥነት አምቡላንስ መጥራት ወይም በተገኘው መጓጓዣ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ አድርጋም ሕመሙ የበረታባት ሴት ማስታገሻ ብትጠይቅ ደካማ አይደለችም። ባለባቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች በአከርካሪ በኩል የሚሰጥ ማደንዘዣ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው።

ልጁና የእንግዴ ልጁ ከወጡ በኋላም ለጥቂት ቀናት ቁርጠት ይኖራል። በተለይ ብዙ ለወለዱ፣ ይበልጡንም ሲያጠቡ ይበረታል። ማሕፀን ወደ ቦታው እየተመለሰ ስለሆነ አያስፈራም። ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ከሆድ ሥር ትራስ አድርጎ በደረት መተኛትና ለብ ያለ ጨርቅ ያስታግሡታል። ቁርጠቱ ከብዙ ደም፣ ከመጥፎ ሽታ ወይም ከትኩሳት ጋር ከመጣ ግን አራሷ ወደ ወለደችበት ተቋም በዚያው ሰዓት ትመለስ።