ለሳሎን ኮምፒውተር የሚበጅ የዲስክ ማንበቢያ አመራረጥ

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በደሴና በኮምቦልቻ የተደረጉ ብዙ ሠርጎችና የምረቃ በዓላት የተቀረጹት በቪሲዲና በዲቪዲ ነበር። ዛሬ ዲስኮቹ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ቢገኙም ማጫወቻዎቹ አርጅተዋል፤ አዳዲስ ኮምፒውተሮችም አብዛኛውን ጊዜ የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥንና ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ እንደ ቤት ሲኒማ ሊጠቀምበት የሚፈልግ ሰው ማንበቢያውን ለብቻው መርጦ መግዛት ይኖርበታል። ለመሆኑ ምርጫው በምን ላይ ሊመሠረት ይገባል?

ሌዘሩና ዲስኩ

ማንበቢያው በዲስኩ ላይ በጠመዝማዛ መስመር የተደረደሩትን ጥቃቅን ምልክቶች በሌዘር ብርሃን እየቃኘ ያነባል። የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ባጠረ መጠን ጨረሩን በጠባብ ነጥብ ላይ ማሳረፍ ስለሚቻል ምልክቶቹን ይበልጥ ማቀራረብ ይቻላል። ሲዲ በ780፣ ዲቪዲ በ650፣ ብሉ ሬይ ደግሞ በ405 ናኖ ሜትር ሌዘር ይነበባሉ። ባለ አንድ ንጣፍ ዲስክ እንደየቅደም ተከተላቸው 700 ሜጋ ባይት፣ 4.7 ጊጋ ባይትና 25 ጊጋ ባይት ይይዛል። የሲዲው መስመር ተተርትሮ ቢዘረጋ ርዝመቱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የዲቪዲው 12፣ የብሉ ሬዩ ደግሞ 27 ያህል ይሆናል። የመጨረሻው ከደሴ ተነሥቶ ኮምቦልቻ ይደርሳል ማለት ነው።

ቪሲዲ የተቀረጸው በተራ ሲዲ ላይ በመሆኑ የዲቪዲ ማንበቢያ ሁለቱንም ያነባል። ብሉ ሬይ በሌለበት ቤት የብሉ ሬይ ማንበቢያ መግዛት ትርፍ ወጪ ነው። ከዚህም በላይ በገበያ የሚሸጡ የብሉ ሬይ ፊልሞች በምስጢራዊ ቁልፍ የተጠበቁ ስለሆኑ በኮምፒውተር ለማጫወት ፈቃድ ያለው ልዩ ፕሮግራም ይፈልጋሉ።

ፍጥነት ወይስ ትዕግሥት?

በማንበቢያው ላይ የሚጻፈው «24 ኤክስ» ወይም «48 ኤክስ» የሚል ቁጥር ብዙ ገዥዎችን ይስባል። ይሁን እንጂ ለዲቪዲ 1 ኤክስ ማለት በሴኮንድ 11 ሜጋ ቢት ያህል ማስተላለፍ ሲሆን፣ የዲቪዲ ፊልም በሴኮንድ ከ10.08 ሜጋ ቢት በላይ አይፈልግም። ስለዚህ ፊልም ለማየት 1 ኤክስ ይበቃል። ትርፉ ፍጥነት የሚጠቅመው ለመገልበጥ ብቻ ነው። በ52 ኤክስ የሚዞር ሲዲ በደቂቃ 10,000 ጊዜ ያህል ስለሚሽከረከር ጩኸቱ በሳሎን ውስጥ ይረብሻል።

ከፍጥነት ይልቅ የሚፈለገው የተጎዳ ዲስክ የማንበብ ችሎታ ነው። ኢርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰለሞን በ1960 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የስሕተት ማረሚያ ስሌት በሲዲም ሆነ በዲቪዲ ውስጥ ይሠራል። በሲዲ ላይ በመስመሩ አቅጣጫ እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ጉዳት በዚሁ ስሌት ሊጠገን ይችላል። ዲስክ ሲጠረግ ከመሐል ወደ ጠርዝ እንጂ በክብ መሆን የሌለበትም በዚህ ምክንያት ነው፤ መስመሩን አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት መስመሩን ተከትሎ ከሚሄደው ያነሰ ጉዳት ያደርሳል። ገዥው ወደ መደብር ሲሄድ ከቤቱ አንድ የተቧጨረ ዲስክ ይዞ በማንበቢያው ቢያስሞክር ከየትኛውም ቁጥር የተሻለ ማስረጃ ያገኛል።

የቀጣና ቁጥር

የፊልም አምራቾች ዲቪዲን ለሽያጭ ሲያቀርቡ ዓለምን በ6 ቀጣናዎች ከፍለዋል። ኢትዮጵያ በ5ኛው፣ የዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች በ2ኛው፣ አሜሪካ በ1ኛው ቀጣና ውስጥ ይገኛሉ። በመሆኑም ከጂዳ ወይም ከዱባይ ዘመድ የላከው ፊልም ላይነበብ ይችላል። የኮምፒውተር ማንበቢያ ቀጣናውን 5 ጊዜ ብቻ ለመለወጥ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በኋላ በመጨረሻው ላይ ይጸናል። በቤት የተቀረጹ ዲስኮችና ቪሲዲዎች ግን ይህ ገደብ የለባቸውም።

የኃይል ጉዳይ

በውጭ የሚሰካ ማንበቢያ ኃይሉን የሚያገኘው ከዩኤስቢ ነው። ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው 5 ቮልትና 0.5 አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ሲሆን፣ ሞተሩ ሲነሣ ከዚህ የበለጠ ሊጠይቅ ይችላል። ዲስኩ እየተነሣ የሚቆም ከሆነ ሁለት መሰኪያ ያለው ገመድ መጠቀም ይረዳል።

ከማየት በፊት መገልበጥ

በስቱዲዮ የተቀረጹ የሠርግ ዲስኮች መረጃቸውን የያዙት በኬሚካል ቀለም ነው። ይህ ቀለም በሙቀትና በፀሐይ ብርሃን እየደበዘዘ ይሄዳል። በሲዲ ላይ ደግሞ መረጃው ያለው ከጽሑፉ ገጽ ሥር ስለሆነ በእስክሪብቶ ስም መጻፍ እንኳ ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ማንበቢያው እንደተገዛ የመጀመሪያ ሥራው አሮጌዎቹን ዲስኮች ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ሊሆን ይገባል። አንድ ሙሉ ዲቪዲ በ8 ኤክስ ቢነበብ 7 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ የተቧጨረው ግን ፍጥነቱን ቀንሶ በትዕግሥት መነበብ አለበት።

በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች ቤታቸውን ጥለው ለመውጣት ተገደው ነበር። በአንድ ሣጥን ውስጥ ብቻ ያለ የቤተሰብ ምስል ከሣጥኑ ጋር ሊጠፋ ይችላል። ስለሆነም ከተገለበጠው ቅጂ አንዱን በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ዲስኩን ዛሬ በሚገባ የሚያነብ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ የዲቪዲ ማንበቢያ ለዚህ ሥራ በቂ ነው።