አምቡላንሱ በር ላይ ሲቆም

ከሞጣ ወይም ከቢቸና ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎላት ስለምትነሳ ምጥ የያዛት ሴት ሲወራ፣ ለሰው ቶሎ የሚታየው መንገዱ ነው። እውነትም ሩቅ ነው፤ ሞጣ ታካሚ ከምትልክባት ከባሕር ዳር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስለዚህ መፍትሔው ሁሌ «አምቡላንስ ይጨመር» ይሆናል። እኔ ግን ካለው አምቡላንስ ብዙ ሰዓት የሚሰረቀው ቆሞ ሳለ ነው ባይ ነኝ። ሲሪን ታዴውስና ዲቦራ ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ እናቶችን የሚገድለውን መዘግየት ሦስት ቦታ ከፍለውታል፦ እንሂድ እስኪባል፣ እስኪደረስ፣ ደርሶም ሕክምናው እስኪገኝ። ሁለተኛውን ቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት የወጣ ገበሬ በትከሻው ያውቀዋል። ሦስተኛው ከአጥር ውስጥ ስለሆነ ከሐኪሙና ከአስታማሚው በቀር የሚያየው የለም።

መኪናው ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆመ እንበል። ባዶ ስትሬቸር የለም። ታካሚዋ በመጣችበት ስትሬቸር ተገፍታ ትገባለች፣ አልጋ እስኪለቀቅም እዚያው ላይ ትቆያለች። ሾፌሩ ስትሬቸሩን ጥሎ ቢመለስ ነገ የሚጭነውን ሰው ወለል ላይ ሊያስተኛ ነው፤ ስለዚህ ይጠብቃል። ደርሶ መልሱ 5 ሰዓት ቢሆንና ጥበቃው 2 ሰዓት ቢጨምርበት፣ ሾፌር እየተቀያየረ በ15 ሰዓት ሦስት ሰው ማድረስ ይችል የነበረ መኪና ሁለት ብቻ ያደርሳል። አዲስ መኪና ቢገዛም እዚያው በር ላይ ተራ ይይዛል። ሀብታም አገርም ከዚህ አላመለጠም፤ እንግሊዝ ርክክቡ በ15 ደቂቃ እንዲያልቅ መመዘኛ አውጥታ እስካሁን ትቸገርበታለች።

መኪናውም ቢሆን አልበቃንም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው፣ አንድ ወረዳ አምቡላንሱ ጎማ ሲፈነዳበት የሚተካለት ላይኖረው ይችላል። ግን መኪና በጀት ይጠብቃል፤ በሆስፒታሎቻችን የታካሚ ቅብብሉን የሚያስተባብረው ሊያዞን ደግሞ ስልክ አንስቶ «እየመጣች ነው፣ ደሟ ይህ ነው» ለማለት የሚጠብቀው ነገር የለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ስልክ ሲጠፋስ? ያን ጊዜ ሊያዞኑም እጁ ይታሰራል፤ የተዘጋ መንገድ በአሠራር አይከፈትም። የስትሬቸር ልውውጥ ግን መንገድ እስካለ ድረስ ስልክ ቢጠፋም ይሠራል፦ ተቀባዩ ሆስፒታል በሩ አጠገብ ሁለት ትርፍ ስትሬቸር ያቆማል፣ ሾፌሩ ታካሚዋን ከነስትሬቸሯ አስረክቦ፣ የታጠበውንና ጎማው የሚዞረውን ጭኖ፣ ሳይመሽ ወደ ሞጣ ይመለሳል።