ኤፍ 1 ስትጫኑ ምን ይፈጠራል? የኮምፒውተርና የስልክ «እገዛ» አሠራር

ኮምፒውተር ኪቦርድ ላይ ከላይ በግራ በኩል ኤፍ 1 የምትባል ቁልፍ አለች። ብዙዎቻችን በስህተት ካልሆነ አንነካትም። ሥራዋ ግን እርዳታ መጥራት ነው። ስትጫኗት ከጀርባ ምን ይካሄዳል? ዛሬ እሱን እናያለን። መጨረሻ ላይ ኪሳችሁን የሚነካ ጉዳይ ስላለ እስከ ታች አንብቡ።

📌 ከየት ተጀመረ?

ድሮ «ኦንላይን እገዛ» ሲባል ኢንተርኔት ማለት አልነበረም። ከወረቀት መጽሐፍ ይልቅ እዚያው ስክሪኑ ላይ የሚነበብ መመሪያ ማለት ነበር። የዩኒክስ ሲስተም የመጀመሪያው ማኑዋል እ.ኤ.አ. በ1971 በቤል ላብስ ወጣ። የጻፉትም ሲስተሙን የሠሩት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ራሳቸው ናቸው።

ያ ልማድ አሁንም አለ። ሊነክስ ወይም ማክ ላይ ተርሚናል ከፍታችሁ «ማን» የሚለውን ትዕዛዝ (ማኑዋል ከሚለው ያጠረ ነው) ከሌላ ትዕዛዝ ስም ጋር በእንግሊዝኛ ፊደል ብትጽፉ ማብራሪያው ይመጣል። ጽሑፉ ዲስኩ ላይ ስላለ ዳታ አይበላም።

📌 ዊንዶውስስ?

እ.ኤ.አ. በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር ዊንሄልፕ መጣ። እያንዳንዱ የእገዛ ገጽ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ለምሳሌ የፕሪንት መስኮት ላይ ሆናችሁ ኤፍ 1 ስትጫኑ ፕሮግራሙ የዚያን መስኮት ቁጥር ለእገዛው ይልካል፤ እገዛውም ትክክለኛውን ገጽ ያወጣል። እናንተ አንድ ፊደል እንኳን አልጻፋችሁም!

በዊንዶውስ 98 ዘመን ደግሞ ሲ ኤች ኤም የሚባል ፋይል ተተካ። እንደ ድረ ገጽ የተሠሩ ገጾች አንድ ላይ ተጨምቀው የታሸጉበት ፋይል ነው። ችግሩ ከጽሑፍ አልፎ ኮድም ማስኬድ ስለሚችል ቫይረስ መላኪያ ሆነ። «መጽሐፍ ነው» ተብሎ ከማታውቁት ሰው ቢላክላችሁ ኮምፒውተር ላይ እንዳትከፍቱት።

📌 አሁንስ?

እገዛው ከማሽኑ ወጥቶ ኢንተርኔት ላይ ሰፍሯል። ዊንዶውስ 10 ዴስክቶፕ ላይ ኤፍ 1 ስትጫኑ ብራውዘር ይከፈትና ቢንግ ላይ ፍለጋ ይጀምራል። ጥቅሙ ጽሑፉ ቶሎ ቶሎ መታደሱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ኔትወርክ ሲጠፋ እገዛውም አብሮ መጥፋቱ ነው። ዋይፋይ እንዴት እንደሚስተካከል ለማንበብ ራሱ ዋይፋይ ያስፈልጋል 😅

ስልክ ላይም ብዙው እገዛ ድረ ገጽ ነው የሚከፍተው። ያለ ዳታ የሚሠራው ሴቲንግ ውስጥ ያለው የመፈለጊያ ሳጥን ነው። የሴቲንጎቹ ዝርዝር እዚያው ስልኩ ውስጥ ስለተመዘገበ «ባትሪ» ብላችሁ ብትጽፉ ቦታው ይወስዳችኋል። ስልካችሁ በእንግሊዝኛ ከሆነ በእንግሊዝኛ ፈልጉ።

⚠️ አሁን ወደ ኪሳችሁ

ድሮ ኤፍ 1 የሚወስዳችሁ የሲስተሙ ባለቤት ወደጻፈው ገጽ ብቻ ነበር። አሁን ግን የፍለጋ ውጤት ውስጥ ማንም ሊገባ ይችላል፤ አጭበርባሪም ጭምር። «ማሽናችሁ ቫይረስ ገብቶበታል፣ በዚህ ቁጥር ደውሉ» የሚል ገጽ ድንገት ይመጣል። ስትደውሉ ስክሪናችሁን ከርቀት የሚያይ አፕ አስጭነው ወደ ባንክ አካውንታችሁ ያመራሉ። ስለዚህ፦

✅ ማይክሮሶፍት የስህተት መልእክቶቹ ላይ ስልክ ቁጥር እንደማያስቀምጥ ራሱ አሳውቋል። ቁጥር ካያችሁ ገጹን ዝጉ።

✅ እገዛ ስትፈልጉ ከፍለጋ ይልቅ ከስልኩ ሴቲንግ ወይም ከአፑ ውስጥ ጀምሩ።

✅ በኤስኤምኤስ የመጣላችሁን ኮድም ሆነ ፒን «ከሳፖርት ነኝ» ላለ ሰው አትስጡ። እውነተኛ ሳፖርት ፒን አይጠይቅም።

ስልክ ሲያስቸግራቸው እናንተን የሚጠሩ እናት፣ አባት፣ አክስት አሉ አይደል? እናንተ በሌላችሁበት ሰዓት እነሱም ጎግል ያደርጋሉ። ዛሬውኑ ንገሯቸው፣ ሼር አድርጉላቸው 🙏