የዋሽንግተን «አስቸኳይ ጊዜ» አዲስ አበባ የሚደርሰው እንዴት ነው?

መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም. የወቅቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ቁጥር 14046 የተሰጠውን የፕሬዚዳንት ትዕዛዝ ፈረሙ፡፡ በሰሜን ኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ ለአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነትና የውጭ ፖሊሲ ያልተለመደና ልዩ አደጋ ደቅኗል በማለትም ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ፡፡ ዜናውን የሰማ ሁሉ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አልቀረም፡፡ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የሚካሄድ ጦርነት አሜሪካን እንዴት አስቸኳይ ጊዜ ውስጥ ያስገባታል?

ነገሩን ለመረዳት ቃሉ እኛ ዘንድ ካለው ትርጉም መላቀቅ ያስፈልጋል፡፡ ለእኛ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማለት ሰዓት እላፊ፣ ፍተሻና እስር ነው፡፡ በዋሽንግተን ግን ከውጭ አገር ጋር የተያያዙት አዋጆች ጎዳና ላይ አይታዩም፡፡ ዋና ጥቅማቸው በሌላ ጊዜ ለፕሬዚዳንቱ ዝግ የሆነን ሕግ መክፈት ነው፡፡

የዚህ አሠራር መነሻ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ1917 የወጣው ከጠላት ጋር መነገድን የሚከለክለው ሕግ ነው፡፡ ሕጉ በ1933 ተሻሽሎ በሰላም ጊዜም ማገልገል ጀመረ፡፡ አንድ የሴኔት ልዩ ኮሚቴ በ1973 ባወጣው ሪፖርት፣ አገሪቱ ከ1933 ጀምሮ ያለማቋረጥ በአስቸኳይ ጊዜ ውስጥ መኖሯንና ለፕሬዚዳንቱ ልዩ ሥልጣን የሚሰጡ 470 ድንጋጌዎች መኖራቸውን አስታወቀ፡፡ ኮንግረሱም ለሥልጣኑ ልጓም ለማበጀት ሁለት ሕጎች አወጣ፡፡ በ1976 የብሔራዊ አስቸኳይ ጊዜዎች ሕግ፣ በ1977 ደግሞ የዓለም አቀፍ አስቸኳይ ጊዜ ኢኮኖሚያዊ ሥልጣን ሕግ ጸደቁ፡፡

የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ማዕቀቦች የቆሙት በሁለተኛው ሕግ ላይ ነው፡፡ ፕሬዚዳንቱ በሙሉ ወይም በአመዛኙ ከአሜሪካ ውጭ የመነጨ አደጋ አለ ብለው ካወጁ፣ በአሜሪካ ያለን የውጭ ሰው ሀብት ማገድና አሜሪካውያን ከእሱ ጋር እንዳይገበያዩ መከልከል ይችላሉ፡፡ ሕጉን በመጀመሪያ የተጠቀሙበት ጂሚ ካርተር ናቸው፡፡ ቴሕራን በሚገኘው ኤምባሲ አሜሪካውያን በታገቱ ማግስት፣ ኅዳር 1979 የኢራንን መንግሥት ሀብት አገዱ፡፡ ያ አዋጅ በየዓመቱ እየታደሰ ከአርባ ዓመታት በላይ ዘልቋል፡፡

ልጓሙ ለምን ላላ? በ1976ቱ ሕግ መሠረት አዋጁ ፕሬዚዳንቱ ካላደሱት በዓመቱ ያበቃል፡፡ ኮንግረሱም በራሱ ውሳኔ ሊያስቆመው ይችል ነበር፡፡ ይሁን እንጂ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1983 በሌላ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ያላረፈበት እንዲህ ያለ የኮንግረስ ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል አለ፡፡ ኮንግረሱ በ1985 ሕጉን ሲያሻሽል፣ አዋጁን የሚያስቆመው ውሳኔ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ የሚቀርብ ሆነ፡፡ ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ካሉ የሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፡፡ በ2019 ኮንግረሱ በሜክሲኮ ድንበር የታወጀውን አስቸኳይ ጊዜ ለማስቆም ቢወስንም፣ ዶናልድ ትራምፕ ውድቅ አደረጉት፤ ሁለት ሦስተኛውም ድምፅ አልተገኘም፡፡

ይህ ከእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 ጋር ሲነፃፀር የተገላቢጦሽ ነው፡፡ እኛ ዘንድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው አዋጅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀናት ውስጥ ቀርቦ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መጽደቅ አለበት፡፡ በአሜሪካ ግን ሁለት ሦስተኛው የሚፈለገው አዋጁን ለማስቀጠል ሳይሆን፣ ፕሬዚዳንቱ እምቢ ሲሉ ለማስቆም ነው፡፡ በወረቀት ላይ ያለው ሥርዓት በተግባር ምን እንደሚመስል የሁለቱም አገሮች ታሪክ ይመሰክራል፤ የሕጉ አወቃቀር ልዩነት ግን ግልጽ ነው፡፡

የጉዞ እገዳው መንገድ ደግሞ ሌላ ነው፡፡ የ1977ቱ ሕግ ከተለመደ ጉዞ ጋር የተያያዙ ክፍያዎችን የመከልከል ሥልጣን አይሰጥም፡፡ ስለዚህ ፕሬዚዳንቶች ወደ 1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ይሄዳሉ፡፡ በዚህ ሕግ የአንድ ሰው ወይም ቡድን መግባት የአሜሪካን ጥቅም ይጎዳል ብለው ካመኑ፣ አስቸኳይ ጊዜ ማወጅ ሳያስፈልጋቸው በር መዝጋት ይችላሉ፡፡ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰኔ 2018 በ5 ለ4 ድምፅ የትራምፕን የጉዞ እገዳ ሲያጸድቅ ይህ ሥልጣን ሰፊ መሆኑን አረጋግጧል፡፡ ሰኔ 2025 ትራምፕ በ12 አገሮች ዜጎች ላይ ባወጡት ሙሉ እገዳ ጎረቤቶቻችን ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን ተካተዋል፡፡ የባይደን ትዕዛዝ 14046 ሁለቱንም ሕጎች አጣምሮ ስለያዘ፣ በዝርዝሩ የገባ ሰው ሀብቱም ይታገዳል፣ ቪዛም አያገኝም፡፡

ሌሎቹን እርምጃዎች ከዚህ ጋር ማምታታት አይገባም፡፡ ግንቦት 2021 በኢትዮጵያና በኤርትራ ባለሥልጣናት፣ በአማራ ኃይሎችና በሕወሓት አባላት ላይ የተጣለው የቪዛ ገደብ ከትዕዛዙ በፊት በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የተላለፈ ነው፡፡ ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ የታገደችውም በአጎዋ በራሱ መስፈርት እንጂ በአስቸኳይ ጊዜ ሕጉ አይደለም፡፡

በትዕዛዝ 14046 ማን ተነካ? ኅዳር 12 ቀን 2021 በወጣው ዝርዝር የኤርትራ መከላከያ ኃይል፣ ገዢው ፓርቲ፣ ሁለት የፓርቲው የንግድ ተቋማትና ሁለት ባለሥልጣናት ገቡ፡፡ በዚያ ዝርዝር ኢትዮጵያዊ አልነበረም፡፡ ለእርዳታ ድርጅቶች ሥራ፣ ለምግብና ለመድኃኒት አጠቃላይ ፈቃድ የተሰጠ ሲሆን፣ ዳያስፖራው በዝርዝሩ ለሌለ ቤተሰቡ ገንዘብ እንዳይልክ አልተከለከለም፡፡

ሆኖም የማዕቀብ ክብደት በዝርዝሩ ርዝመት ብቻ አይለካም፡፡ አብዛኛው የዶላር ክፍያ የአሜሪካ ባንኮችን ስለሚያልፍ፣ ከቅጣት የሚሸሽ ባንክ ያልተከለከለውንም ክፍያ ሊያዘገይ ወይም ሊመልስ ይችላል፡፡ ስም የተመሳሰለበት ነጋዴ ወይም አስመጪ ማንነቱን ለማስረዳት ቀናት ሊፈጅበት ይችላል፡፡ ስለዚህ «ማዕቀብ ተጣለ» ሲባል ነጋዴውም ሆነ የባንክ ባለሙያው ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይጠቀማል፡- በየትኛው ሕግ? ስሙ የተጠቀሰው ማን ነው? የተፈቀደውስ ምንድን ነው?

አራተኛው ጥያቄ መቼ ያበቃል የሚለው ነው፡፡ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ኅዳር 2 ቀን 2022 ነበር፡፡ ኢትዮጵያን የተመለከተው አስቸኳይ ጊዜ ግን ከስምምነቱ በኋላም በመስከረም 2023 እና በመስከረም 2024 ታድሷል፡፡ ለማደስ የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ብቻ በቂ ነው፡፡ ጦርነቱን ያስቆመው ስምምነት አዋጁን አላስቆመውም፡፡