ባቡር ያልደረሰበት ገበያ፦ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴን በ5 ቀን የኪራይ መኪና

በአዲስ አበባ እህል በረንዳ የጋይንትን ገብስና ባቄላ፣ የስማዳን ጤፍ፣ የእስቴን ስንዴ በስም የሚያውቅ ነጋዴ አይጠፋም። ምርቱ የሚሸጥበትን የገጠር ገበያ በዓይኑ አይቶ፣ ዋጋውን ከገበሬው አፍ ሰምቶ የተመለሰው ግን ጥቂቱ ነው። አብዛኛው የሚነግደው በስልክ ነው። በስልክ የመጣ ዋጋ ደግሞ የደላላው ዋጋ እንጂ የገበያው ዋጋ ላይሆን ይችላል። በመሆኑም ከወቅቱ አስቀድሞ አንድ ጊዜ ወርዶ ገበያውን ማየት ለነጋዴው ሽርሽር ሳይሆን ሥራ ነው። ጥያቄው ጉዞው ስንት ቀን ይፈጃል፣ በኩንታል ሲካፈልስ ስንት ብር ይደርሳል የሚለው ነው።

በሌላው ዓለም የዚህ ዓይነቱ ጉዞ ቀላል ነው። መንገደኛው ረጅሙን ርቀት በባቡር ይሄዳል፤ ከጣቢያው ሲወጣ የኪራይ መኪና ተረክቦ ሁለት ሦስት ከተማ ያዳርስና መኪናውን መልሶ በባቡር ይመለሳል። በአገራችንም በምሥራቁ በኩል ይህን መሞከር ይቻላል። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰውና 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ተመርቆ፣ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም መደበኛ ሥራ ጀምሯል። ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተሳፍሮ ድሬዳዋ የወረደ ነጋዴ መኪና ተከራይቶ ሐረርንና አካባቢውን ይዞራል። ወደ ደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች ሲመጣ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው።

ሐዲዱ የት ቆመ?

በ2003 ዓ.ም የተጀመረው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሲወጣ ከታሰቡት የባቡር መስመሮች አንዱ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልዲያ አድርጎ ወደ ሰመራና ጋላፊ የሚዘልቅ ነበር። ወረታን ከወልዲያ የሚያገናኝ ሐዲድ ጋይንትን ሳይነካ አያልፍም። ይህ መስመር በዕቅድ ላይ ቀርቷል።

ወደ አካባቢው የቀረበው ሌላው መስመር ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ እስካለችው ሐራ ገበያ የሚደርሰው ነው። ርዝመቱ 392 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ሥራውን በ2004 ዓ.ም በውል የወሰደው የቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ነው። ግንባታው በ2007 ዓ.ም ተጀምሮ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው የ270 ኪሎ ሜትር ክፍል ሐዲዱ ተነጥፏል፤ ሆኖም በኤሌክትሪክ ኃይል አቅርቦትና በገንዘብ ችግር ሲጓተት ቆይቶ፣ በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ወደ ኮምቦልቻ ሲዘልቅ ንብረቱ ለዘረፋና ለጉዳት ተዳርጓል። በዚህ መስመር ትኬት ቆርጦ ሐራ ገበያ የወረደ መንገደኛ እስካሁን የለም።

ይህ መስመር ሥራ ቢጀምር ኖሮ የጋይንቱ ጉዞ ቀላል ነበር። ሐራ ገበያ የወረደው ነጋዴ ከወልዲያ መኪና ተከራይቶ፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ንፋስ መውጫ ይገባ ነበር። ዛሬ የባቡሩን ድርሻ የሚተካው አውሮፕላን ወይም አውቶቡስ ነው።

መግቢያ በሮቹ

ዋናው በር ባሕር ዳር ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከባሕር ዳር በወረታ አድርጎ ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ንፋስ መውጫ ደግሞ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከወረታ እስከ ወልዲያ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው መንገድ በደርግ ዘመን በቻይናውያን የተሠራ በመሆኑ ሕዝቡ ዛሬም የቻይና መንገድ ይለዋል። የአካባቢው ንግድ የጀርባ አጥንትም እሱ ነው። ወረታ ላይ ደረቅ ወደብ ስላለ፣ የወጪ ንግድ የሚያስብ ነጋዴ እግረ መንገዱን ጎራ ቢል አይጎዳም።

ሁለተኛው በር ላሊበላ ነው። ከላሊበላ ወደ ጋሸና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ በጨጨሆ በኩል ንፋስ መውጫ መግባት ይቻላል። በላሊበላ ገብቶ በባሕር ዳር መውጣት በካርታ ላይ ያማረ ዕቅድ ነው። ይሁን እንጂ መኪናው ወደመጣበት ባዶውን ስለሚመለስ፣ አከራዩ የመመለሻውን ነዳጅና ቀን ከተከራዩ ላይ ይቆርጣል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ከባሕር ዳር ተነሥቶ ባሕር ዳር መመለሱ ይሻላል።

ዕቅዱ ከገበያ ቀን ይጀምራል

ከከተማ የሚነሣ ነጋዴ ትልቁ ስሕተት ጉዞውን ከመነሻው ቀን ጀምሮ ማቀዱ ነው። የገጠር ገበያ በሳምንት አንድ ቀን ይደምቃል፤ ያ ቀን ካለፈ የሚቀረው ባዶ ሜዳ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ከገበያው ቀን ተነሥቶ ወደ ኋላ መቆጠር አለበት። የታች ጋይንት ዋና ከተማ አርብ ገበያ ናት፤ ስሟ ራሱ ቀኗን ይናገራል። ከእስቴ ወደ ባሕር ዳር በሚመጣው መንገድ ላይ ያለችው ሐሙሲትም እንደዚያው። አርብን ምሰሶ አድርገን ብናቅድ ጉዞው የሚከተለውን ይመስላል።

ሐሙስ፦ ጠዋት ባሕር ዳር መኪና መረከብ፤ በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይና በጎብጎብ አልፎ ንፋስ መውጫ ማደር። ይህ የጉና ተራራ አካባቢ ደጋ ነው፤ የሚፈለገው ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና በግ ነው። ብርዱ የዋዛ ስላልሆነ ካፖርት የግድ ነው።

አርብ፦ በማለዳ ወደ አርብ ገበያ። ገበያው ሲሞላ መገኘት እንጂ ሲበተን መድረስ ዋጋ የለውም። አዳሩም እዚያው ነው።

ቅዳሜ፦ የስማዳ ዋና ከተማ ወገዳ። ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ እየወረደ የሚሄደው ቆላ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ፍየልና ማር ይገኝበታል።

እሑድ፦ የመመለሻ ቀን፤ አዳር ደብረ ታቦር።

ሰኞ፦ የእስቴ ዋና ከተማ መካነ ኢየሱስ፤ ከዚያ በሐሙሲት በኩል ባሕር ዳር ገብቶ መኪናውን ማስረከብ።

በካርታ ላይ ስማዳና እስቴ ወሰንተኞች ስለሆኑ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው በአቋራጭ መዝለል የሚያጓጓ ነው። የኪራይ መኪና የያዘ እንግዳ ግን በዋናው መንገድ ተመልሶ በደብረ ታቦር ቢዞር ይሻለዋል። ከቻይና መንገድ ከወጡ በኋላ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው፤ በክረምት ደግሞ በጭቃ። የወገዳንና የመካነ ኢየሱስን የገበያ ቀን ከመነሣት በፊት በስልክ አጣርቶ፣ እስቴ የሚቀድም ከሆነ ዙሩን መገልበጥ ነው።

የቀን ሂሳብ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንግባ። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት ማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በዕለቱ ባገኘው ዋጋ ይተካቸው። የመኪናው ኪራይ ከነሹፌሩ በቀን 5,000 ብር፣ የሹፌሩ አበል 600 ብር፣ ነዳጅ በሊትር 130 ብር ነው እንበል። ከነመዘዋወሪያው 600 ኪሎ ሜትር ቢኬድና መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ቢወስድ፣ 90 ሊትር ማለት ነው።

ኪራይ 25,000፣ አበል 3,000፣ ነዳጅ 11,700፤ በድምሩ 39,700 ብር። ነጋዴው በዚህ ጉዞ 100 ኩንታል ከገዛ በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ 397 ብር ወጪ አረፈበት ማለት ነው። 400 ኩንታል ከገዛ ግን ወደ 99 ብር ይወርዳል። ሁለት ነጋዴዎች መኪናውን በጋራ ይዘው እያንዳንዳቸው 100 ኩንታል ቢገዙ ለያንዳንዱ ኩንታል የሚደርሰው 198 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። የአውሮፕላንና የመኝታ ወጪ በዚህ ውስጥ አልገባም።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ከጠቅላላው ወጪ ነዳጁ ከሢሶ በታች ነው፤ ትልቁን ድርሻ የያዘው ቀኑ ነው። መኪናው ሄደም ቆመም ኪራዩ ይቆጥራል። አንድ ቀን በከንቱ ቢባክን 5,600 ብር፣ በ100 ኩንታል ሲካፈል 56 ብር ይጨምራል። አርብ ያመለጠው ሰው ደግሞ ቀጣዩን አርብ ለመጠበቅ ሰባት ቀን መኪና አያቆምም፤ ተስፋ ቆርጦ ደላላው በነገረው ዋጋ ይገዛል። የተሳሳተ ዕቅድ ትልቁ ኪሳራ ኪራዩ ሳይሆን ይህ ነው።

ከመፈረም በፊት

ኪራዩ ነዳጅን፣ የሹፌር አበልንና ከአስፋልት ውጭ መሄድን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ መያዝ አለበት። መኪናው የንግድ ታርጋና ለኪራይ ሥራ የሚያገለግል ኢንሹራንስ ይኑረው፤ በግል ታርጋ በርካሽ የተገኘ መኪና አደጋ ሲደርስ የካሳ ክርክር ያስከትላል። ቀብድ ሲሰጥ ደረሰኝ መቀበል፣ ተጠባባቂ ጎማውን በዓይን ማየት የግድ ነው። በገጠር ገበያ እህል በቁናና በጣሳም ስለሚሸጥ የራስን ሚዛን መያዝ ይጠቅማል። በባንክና በቴሌብር ብቻ መተማመን አያዋጣም፤ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን አለ።

ከሁሉ በላይ የሚቀድመው ግን ጸጥታ ነው። ንፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም ለቀናት በጦርነቱ ተይዛ ከተማዋና ነዋሪዋ ብዙ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት መንገዶች በድንገት የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መንገዱ ክፍት መሆኑን በመነሻው ዋዜማና በየማለዳው፣ ከአካባቢው ሹፌሮችና ከወረዳው ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ ጉዞውን መተው ነው፤ 39,700 ብር ለሕይወት መያዣ አይሆንም።

ወቅቱን በተመለከተ የጤፍ አዝመራ በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚሰበሰብ ዋጋው የሚረግበው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ይወጣል። ባቄላ ፈላጊው ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ በግ ፈላጊው ደግሞ ፋሲካ ሳይቃረብ ቢወርድ ይመረጣል።

የቀረው ባቡር ዕዳው የማን ነው?

ነጋዴው ባቡር ባይኖርም በአውሮፕላን ይሄዳል። ባቡር ያጣው ጆንያው ነው። አፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል መቅደላ ለማድረስ መንገድ እያስጠረጉ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ዛሬ ያን ያህል ክብደት አንድ አይሱዙ በአንድ ቀን ያወጣዋል። ቢሆንም ከዚህ ደጋ አዲስ አበባ ወይም ጅቡቲ የሚደርስ እህል በሙሉ በጎማ ላይ ነው የሚሄደው።

የዚህ ወጪ ከማን ኪስ እንደሚወጣ መገመት አያዳግትም። አዲስ አበባ ላይ ያለውን ዋጋ የሚወስነው የአዲስ አበባ ገበያ ነው። ነጋዴው ከዚያ ላይ የጭነቱን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የደላላውንና የራሱን ትርፍ ቀንሶ የተረፈውን ለገበሬው ያቀርባል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር የሚያንሰው የገበሬው ድርሻ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸውና፣ እዚያ በኩንታል የሚቀነስ 50 ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ሐዲዱ እስኪመጣ በነጋዴው እጅ ያለው ነገር የጉዞ ወጪውን ማሳነስ ነው፦ መኪና በጋራ መያዝ፣ ገበያውን በቀኑ መድረስ፣ የገዙትን ባንድነት መጫን። በኩንታል 397 ብር የነበረውን ወደ 99 ያወረደ ሰው ለገበሬው ጥቂት ጨምሮም ያተርፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ተቻኩሎ የተነሣው ግን ልዩነቱን ለመኪና አከራዩ ከፍሎ ይመለሳል።